ነጩ ዱቄት

የእንስሳት ሐኪሙ ልሳነወርቅ ቢሾፍቱ ዳር አሳማ ያረባል። ጡት የጣሉት ግልገሎች በተቅማጥ ሲያልቁበት፣ ዚንክ የሚባለውን ነጭ የማዕድን ዱቄት መኗቸው ውስጥ ቀላቀለላቸው። የተረፉት ዳኑ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ የሚያወራው ስለ ዚንክ ሆነ። ጎረቤቶቹ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ፤ እሱ ግን እውቀቱን የፈሩት መስሎት ደረቱን ይነፋል።

ያልተበገሩለት አማቱ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ብቻ ናቸው። አሳማ ሲባል በሰሙ ቁጥር እያማተቡ ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ጠዋት የገዛ ሥራውን ሊያደንቅ ወደ በረቱ ሲገባ፣ እማሆይ አንዷን ግልገል በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በጣታቸው ነጭ ነገር ያልሷታል።

"እማሆይ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ያ ዱቄትህ የገባበትን መኖ መች ቀመሱልህ?" አሉ ቀና ሳይሉ። "አንተ ለወሬ ስትወጣ፣ እኔ ነኝ ዱቄቱን በወተት እየለወስኩ ያስዋጥኳቸው።"

ልሳነወርቅ፣ ያ ሁሉ ንግግሩ ትዝ ብሎት፣ ጆሮው ድረስ ጋለ።

"በል በሩን ዝጋው፣ ይበርዳታል" አሉት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ደግሞ ለንስሐ አባቴ ትነግርና!"