የጸዳው ካሴት

«ተመልከቺ እስቲ! የባርኔጣው ክር ሳይቀር ይቆጠራል» አልኳት ሂሩትን፣ ፊልሙን በትልቁ ስክሪን ከፍቼ። አንድ ወር የለፋሁበት ሥራ ነው፤ ብኮራ ይፈረድብኛል? በቪኤችኤስ ካሴት ጭቃ መስሎ የመጣልኝ የድሮ የማፊያ ፊልም ትናንት የተቀረጸ መስሏል። ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ካለ ይምጣ!

ሂሩት ግን የምታየው እናቷን ነው። ወይዘሮ ገነቴ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘንብለው ተቀምጠዋል።

«ወልደኪዳን መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉ።

ወልደኪዳን ማነው ልል አፌን ስከፍት ሂሩት ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። «የአባዬ ድምፅስ?» አለች በሹክሹክታ።

«የምን ድምፅ?»

«በሀዲይኛ የሚተረጉመው ነዋ! ቪዲዮ ቤት ነበረው እኮ፤ ፊልሙ ሲታይ እዚያው ቆሞ ለተመልካቹ ይተረጉም ነበር። ለገበያ ዶዮገና ሲሄድ ተመልካች እንዳይቀርበት ብሎ ካሴቱ ላይ ቀድቶት ነበር። ከሞተ ወዲህ በእጃችን ያለው ድምፁ ያ ብቻ ነው። ድምፁን አጽዳልኝ አላልኩህም?»

ብላኛለች። ጉድ ፈላ! እኔ የዱራሜ ልጅ፣ ሀዲይኛ የማልሰማ፣ ፊልሙ ላይ የሚለፈልፈውን ሰውዬ ከቆሻሻው ቆጥሬ አወጣሁት። ንጹሑን ድምፅ ከኢንተርኔት አውርጄ ተካሁበት። በየመሃሉ ሲስቅ እንኳ ተናድጄበት ነበር።

«ዋናውስ?» አለችኝ።

ካሴቱ ገልብጬው እንደጨረስኩ ማሽኑ ውስጥ ተበጣጥሶ ተጥሏል። የመጀመሪያውን ቅጂም ኮምፒውተሩ ሲሞላብኝ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ነገርኳት። ክንዴን ለቀቀችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፊልሙ ቀጥሏል። ጥይት ተተኮሰ፣ ወንበዴው ከደረጃው ተንከባለለ፣ ጥርት ያለ ሙዚቃ ክፍሉን ሞላው።

«ዝም አለ እኮ» አሉ ወይዘሮ ገነቴ። «እዚህ ጋ ነበር ሰዉን በሳቅ የሚገድለው። ያን ቀን አሞት ነበር እንዴ?»

ሂሩት እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጉንፋን ይዞት ነበር፣ እማዬ።»

«ውይ፣ የኔ ምስኪን!» ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ዞሩ። «እንግዲያው ልጄ፣ ከተሻለው በኋላ የቀዳውን ክፈትልን።»