የጎደለው ቤንዚን

ሹንጂ ከአሮጌዋ የስፖርት መኪናው ስር አቧራውን እያራገፈ ወጣ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም፤ ሰኞ ከሞላው ቤንዚን ግን ግማሹ የለም።

«ያ ጎረቤታችን ኩሮያናጊ ነው በቱቦ የሚስበው» አለ። «ብስክሌት መግዛት እንኳ ያቃተው ሰውዬ።»

አባቱ በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው የእግራቸውን ጥፍር ይቆርጣሉ። አርጅተዋል ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ መንጃ ፈቃዳቸውን እንዲያስረክቡ ያደረጋቸው ሹንጂ ራሱ ነው። አሁንም እንደ ቤት ዕቃ አልፏቸው፣ የነዳጁን ጌጅ ሊያይ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። ወንበሩ ለአጭር ሰው እንዲመች ወደፊት ተስቧል።

ቀስ ብሎ ወደ በረንዳው ዞረ። «አባባ...»

አባቱ ቀና አላሉም። «ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ትጮኻለች» አሉ። «አንተ ነህ የገደልካት። ክላች መያዝ መቼ ታውቅና።»