ቺፕሱን የበላችው

ታይዋን፣ ታይቹንግ ከተማ ያለው የሽመና ፋብሪካ ጠዋት ላይ ቀጥ አለ። ማሽኖቹን የሚያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ የሊኑክስ ሰርቨሩ፣ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖበት እምቢ ብሏል።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሊያዎ አልደነገጠም። ሰርቨሩ ከዚህ ቀደም ያወረዳቸውን የፕሮግራም ጥቅሎች በማከማቻው ያስቀምጣል፤ አሮጌውን ከዚያ አውጥቶ መልሶ መጫን ነው። አምራቹ አሮጌውን ከድረ ገጹ ስላነሳው ሌላ ቦታ አይገኝም። ማሽኖቹ እስከ ማታ ካልተነሱ ትልቁ ደንበኛ ውሉን ያፈርሳል፤ የሊያዎም ወንበር አብሮ ይሄዳል።

ማከማቻውን ከፈተው። ባዶ ነው።

ቀና ሲል ሰርቨሩ ላይ የነበረው አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስም የለም። በአገሩ ልማድ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን ተብሎ የሚቀመጥን ከረጢት ማንም ደፍሮ አይነካም። ያሳዝናል፣ ከባዶው ማከማቻ ይልቅ ክፍሉን ሁሉ ያናደደው ይሄ ነበር።

«ማነው የበላው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቱ ዪንሩ፣ ከተቀጠረች ብዙም ያልቆየች ሠራተኛ። «ራበኝ። ደግሞስ ሰርቨር በቺፕስ ይሠራል እንዴ፣ አለቃ?»

«ማከማቻውንስ ማን ባዶ አደረገው?»

«እኔው ነኝ። ዲስኩ ሞልቷል፣ ቦታ አስለቅቂ ተብዬ። ግን እኮ ፋይሎቹን…»

«በቃሽ። ቺፕሱንም ፋይሉንም በልተሽ አሁን ደግሞ ልታስረጂኝ ነው?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዪንሩ ደግማ አፏን ስትከፍት ሊያዎ በሩን አሳያት። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ዞር ብላ አየችው።

«የፋብሪካው ነው፣ አይንሽን ንቀይ» አላት አንዱ።

ሰው ሲባረር ኮምፒውተሩ ወዲያው ይደመሰሳል፤ ደንቡ ነው። ሊያዎ ይህን ለማንም አልተወም። በገዛ እጁ ደመሰሰው፤ ንዴቱም በረድ አለለት። ከዚያ ወርዶ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ገዛ፣ ጊዜው አለማለፉን አይቶ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠ።

ማሽኖቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከሰዓት በኋላ ደንበኛው ደወለ፣ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ። ሲመሽ ሊያዎ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ዪንሩ ጋ ደወለ።

«ስሚኝ፣ የእኔ እህት። ከመደምሰስሽ በፊት ምናልባት ያስቀረሽው ቅጂ ካለ…»

«ኧረ እኔ ምንም አልደመሰስኩም፣ አለቃ» አለች። «ሁሉንም ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ነው ያዛወርኩት።»