ስምንተኛው ፌርማታ

«ስምንተኛው ባዶ ነው» ይላል ባለፊልሙ፣ ግድግዳውን በጣቱ እየነካ። «ስምንተኛው ባዶ ከሆነ ፊልም የለም።»

የልጅ ልጄ እስክሪብቶዋን ስትከፍት ስትዘጋ ከተቀመጥኩበት ይሰማኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ የኔን ታሪክ ስትጽፍ ነው የኖረችው። ሰውየው ዛሬ እሺ ካለ ይቀረጻል፤ እምቢ ካለ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ቦርሳውን ከትከሻው እንኳ አላወረደም።

ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ካርድ ተለጥፏል። ማንበብ አልችልም፤ አላፍርበትም፣ ካነበበውም መሃል ስንቱን ቂል አውቃለሁ። ልጅቷ ግን ትናንት አንድ በአንድ አስረድታኛለች። ጀግና የተባለ ሁሉ በነዚህ ፌርማታዎች ያልፋል አሉ። ጥሪ ይመጣለታል፣ ፈርቶ እምቢ ይላል፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው ያገኛል። ስምንተኛው ላይ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ይተርፍና ድል አድርጎ ይመለሳል። ለኔ «ጥሪ» ያለችው የባሌን ዱላ ነው። «ፌርማታ ካለው እንግዲያ አውቶቡስ ነዋ» ብያት ነበር። አልሳቀችም።

«እማማ» ይለኛል ሰውየው። «ልጅዎን አዝለው ከባልዎ ቤት ወጡ። ጥሩ። ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆኑ። ጥሩ። የማጠቢያው አለቃ ሙያ አስተማረችዎት፤ ጡረታ ስትወጣ ቁልፉን መርቃ ሰጠችዎት። ይሄ በጣም ጥሩ። ግን የቱ ጋ ነው የወደቁት?»

«ወድቄ አላውቅም።»

«ሰው ሆነው?»

«አንተስ ስንቴ ወደቅህ? ያንተን ለጥፍበት።»

«እማማ፣ እባክሽ» ትላለች ልጅቷ በጥርሷ መሃል።

ሰውየው ሰዓቱን ያያል። «በቃ፣ እኛው እንሙላው። ማጠቢያው ይቃጠል? አይ፣ እሳት ሰልችቷል።» ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል። «ቆይ፣ አለቃዋ! አስተማሪ መስላ ጠላት ትሁን። አንድ ትልቅ ጥፋት ታጥፋና እማማ ላይ ታላክክ። ሰው ጉድ ይላል!»

ልጅቷ ቀና ትላለች። ከጠዋት ጀምሮ አሁን ገና ፊቷ ሲበራ አየሁ። «ሴትየዋ ሞታለች አላልሽኝም፣ እማማ?»

«ሞታለች።»

«እንግዲያ የሚቀየመን የለም።» እስክሪብቶ ታነሳለች። «ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትልቅ ጥፋት ምን ሊሆን ይችላል?»

ዝም ብል ያልቃል። ፊልሙ ይሠራል፣ ልጅቷ እንጀራዋን ታገኛለች፣ እኔም ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ ጀግና ሆኜ እወጣለሁ። አርባ ስድስት ዓመት የዘጋሁት አፍ ነው፤ አንድ ደቂቃ ቢጨመርበት ምን አለበት?

እሷ መጻፍ ጀምራለች። ስትጽፍ ጮክ ማለት ልማዷ ነው። «አለቃዋ፣ ከሃዲ...»

«ተይው።»

«ምኑን?»

«እስክሪብቶውን አስቀምጪና ስሚኝ። ቀይ ብርድ ልብስ ነው።»

ሁለቱም ዞረው ያዩኛል።

«አዲስ ነበር፣ ቀለም የሚለቅ። ለብቻው እጠቢው ብላኛለች አለቃዬ፤ መቶ ጊዜ ብላኛለች። እኔ አውቃለሁ ባይ፣ ቶሎ ልገላገል ብዬ ከነጩ አንሶላ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። የሆስፒታሉ አንሶላ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ። በሽተኛው በሙሉ ሙሽራ መስሎ ተኛ።»

ባለፊልሙ ሊስቅ ይልና ፊቴን አይቶ ይተወዋል።

«ሥራ አስኪያጁ መጣ። ማነው ያጠበው አለ። እኔ እናትሽን አዝያለሁ፣ ገና ጡት አልጣለችም። አለቃዬ አየችኝ። እኔ ራሴ እስክናገር ጠበቀችኝ፤ አላጋለጠችኝም። እኔ ምን አልኩ? የማሽኑ ቁልፍ እሷ ጋ ነው አልኩ። ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራችበት በዚያው ቀን ከነጋውኗ አስወጧት። ቁልፉን የሰጠኝ ሥራ አስኪያጁ ነው። የምን ምርቃት!»

ልጅቷ አታየኝም። የጻፈችውን ነው የምታየው።

«ዋናዋ ሴት እንዲህ ካደረገች» ይላል ባለፊልሙ ቀስ ብሎ፣ «ተመልካች አይወዳትም።»

«እኔስ መች ወደድኳት?»

ቦርሳውን ያወርዳል። ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔን ግን አሁን የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም።

«ከዚያ በኋላ አግኝተሻት ታውቂያለሽ?» ትለኛለች የልጅ ልጄ። እማማ አላለችኝም።

«ቤቷ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነበር። በደጇ ላለማለፍ አሥራ ስምንት ዓመት በገበያው በኩል ዞሬ ሄድኩ። ዝናብ ቢሆን፣ እግሬ ቢያብጥ፣ ዞሬ።»

«አንድም ቀን አላየሻትም?»

«አንድ ቀን። መንገዱ ተቆፍሮ በዚያ ማለፍ ግድ ሆነብኝ። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ልብስ ታሰጣለች፣ የራሷን። አርጅታለች። አሰጣጧ ግን ያው ነው፣ እኔን እንዳስተማረችኝ።»

«እንዴት ነው?»

እጄ ሳላዘው ይነሳል። የሌለውን ሸሚዝ ሁለቴ ያራግፋል፣ በትከሻው ሳይሆን በታችኛው ጫፉ ይይዘዋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ደርቦ አየር ላይ በአንድ መቆንጠጫ ይቆነጥጠዋል።