የልብስ ሰፊው መስመር

«በናትሽ አትነቃነቂ! ልይሽ እንጂ!» አለች እናት፣ ልጅቷን ወደ መስኮቱ እያዞረች። ልጅቷ በአባቷ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ በሙታንታ ብቻ ቆማ ትውረገረጋለች። ሆዷ፣ ጀርባዋ፣ ጭኖቿ ላይ በሰማያዊ ማርከር የተሰመሩ ክቦች አሉ፤ በየክቡ ውስጥ ያ የተረገመ ሽፍታ ቀልቶ ተቀምጧል።

ማን እንደጋበዘው አይታወቅም። ከወራት በፊት መጣ፣ አልሄድም አለ። ሳሙና ተቀየረ፣ ብርድ ልብስ ተቀየረ፣ ድመቷ ያለ ጥፋቷ ወደ አክስት ቤት ተሰደደች፤ ሽፍታው ግን ወይ ፍንክች! ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዷ ውሃው ነው ስትል ሌላዋ እንቁላል ነው ትላለች። «ከምን እንደመጣ አላውቅም» ብላ እቅጩን የተናገረችው እውነተኛዋ ሐኪም ብቻ ነች። አባት ደግሞ ማኩረፍ አያውቅበትምና ልጁን «ነብሮ» ብሎ ሰየማት። እናት መጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ ግን ልጅቷ ራሷ በሌላ ስም ስትጠራ አልሰማም አለች፣ ነገሩም በዚያው ጸና።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ አዲስ ቅባት ሰጠችና «ዛሬውኑ የእያንዳንዱን ሽፍታ ጠርዝ ይዛችሁ አስምሩበት» አለች። «ሰኞ ስትመጡ ቀዩ ከመስመሩ አልፎ ከሆነ ከቆዳዋ ትንሽ ቆርጠን እንመረምራለን። ወደ ውስጥ ከሸሸ ግን መቁረጡ ይቀራል።» ከዚያ ወዲህ «ቆርጠን» የምትለዋ ቃል እናት ጆሮ ላይ እንዳቃጨለች ናት። የአውቶቡስ ሹፌር ነች፤ ቀይ መብራት ባስቆማት ቁጥር ያ ሽፍታ ድቅን ይልባታል። ሐሙስ የማታ ፈረቃ ስለነበረባት ማስመሩን ለባሏ ትታ ወጣች። ቅባቱንም እሱ ሲቀባ ሰነበተ፤ እሷ ለማየት ወኔ አልነበራትም።

ዛሬ ሰኞ ነው። ትንፋሿን ውጣ ጎንበስ አለች። ከሰማያዊው መስመር እስከ ቀዩ ድረስ ሰፋ ያለ ንጹህ ቆዳ አለ። ሁለተኛውን አየች፤ እንደዚያው። ጀርባዋን አየች፤ እንደዚያው!

«ሸሽቷል! አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ ና! ሸሽቷል!» ልጅቷን ከነቅባቷ አቅፋ አሽከረከረቻት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አባት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከጓዳ ሮጦ ወጣ። ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነበር የመጣው።

«እሰይ! እስቲ የቱ ጋ ነው?»

«ሁሉም ጋ! በሁሉም በኩል እኩል ነው የሸሸው!»

«እኩል?» አለ አባት። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «አንድ… አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል?»

እናት ልጅቷን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰቻት። ባሏን ታውቀዋለች፤ ማጅራቱን ማሸት ከጀመረ አንድ ጉድ አለ ማለት ነው።

«ምን አድርገህ ነው?»

«እንግዲህ እጄ ለምዶብኝ…» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለስፌት የሚሆን ትርፍ ትቼ ነው ያሰመርኩት።»

«በልጄ ገላ ላይ? የምን ስፌት ነው ጌታው? ልታጠባት ነው ወይስ ልታስረዝማት?»

«ምን ላድርግ! ጠርዝ ይዤ አስምሬ አላውቅማ! ጨርቅ ብትሆን ኖሮ ታመሰግኚኝ ነበር።»

እናት ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። እሱም ተከተላት፣ ነብሮም ምኑም ሳይገባት አብራ ተንከተከተች። ሽፍታው ከገባ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ግን ያቺ «ቆርጠን» የምትል ቃል ተመልሳ ጆሮዋ ላይ አቃጨለች። መስመሩ ከዋሸ፣ ሽፍታው ይሽሽ ይስፋ በምን ይታወቃል? ሐኪሟንስ ምን ይሏታል? ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የኔን ጥንቸል ግን ማንም አላየልኝም» አለች ነብሮ ከንፈሯን ጥላ።

«የምን ጥንቸል የኔ እናት?»

«እኔ የሳልኳት!» ልጅቷ ቀኝ እግሯን ወደፊት አወጣች። ከጉልበቷ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጆሮ ያወጣ የሚመስል ሽፍታ ነበረ። በዙሪያው ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ የአባትየው እጅ አይደለም።

«አዎ፣ እሷን ራሷ ናት ያሰመረቻት» አለ አባት። «ማርከሩን ካልሰጠኸኝ ብላ ስታለቅስብኝ ሰጠኋት።»

እናት ቀጥ ብላ ቆመች። ይህቺ ልጅ ሥዕል ስትቀባ ቀለሙ ከመስመር አንዲት ጸጉር ታህል ካለፈባት ቤቱን በለቅሶ የምታናውጥ ናት።

«ነብሮ፣ ቀዩን ነክተሽ ነው የሳልሻት?»

«ታዲያስ!» አለች ልጅቷ ተቀይማ። «እንደ አባባ አላበላሽም!»

«እውነቷን ነው» አለ አባት፤ ድምፁ ተሰበረበት። «ትርፍ ተዪ ብላት እኮ እምቢ አለችኝ።»

እናት በጉልበቷ ተንበረከከች። የጥንቸሏ ጆሮዎች ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር የለም። የጥንቸሏ ሆድ ላይ ብቻ ደብዘዝ ያለች ቅላት ቀርታለች።

ነብሮም አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን አየችና ክው አለች።

«ውይ እማዬ! ጥንቸሏ ከስታለች!»

እናት ትንሿን ጣቷን በመስመሩና በቀዩ መካከል፣ ንጹሁ ቆዳ ላይ አሳረፈች። በልክ ገባች።