ሊማሊሞ ላይ የቀደመን ጭድ

የልጅ ልጄ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ቀይ የስፖርት መኪና ከጓደኛው ተውሶ መጣ። «ነገ ሊማሊሞን በሃያ ደቂቃ ነው የምወርደው!» አለ። ከሞተችው ልጄ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ብለምነው፣ ባለቅስበት እምቢ ስላለ ጠዋት ነጠላዬን አገጬ ሥር ቋጥሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከደባርቅ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጭድ የጫነ አሮጌ አይሱዙ ከፊታችን ገባ። እያቃሰተ ይንፏቀቃል። ልጁ ክላክሱን ሳያቋርጥ ነፋ። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ «ቆይ» አለው። በግራ ልናልፍ ስንል ወደ ግራ ይመጣብናል፣ በቀኝ ስንል ወደ ቀኝ። ጭዱ እየበነነ ፀጉራችን ላይ ተከመረ።

«ይሄን ሰውዬ ምን አድርጌዋለሁ?» አለ ልጁ፣ መሪውን እየደበደበ።

«ተወው የኔ ጌታ፣ አንተ ገደሉን እያየህ ንዳ።»

«እማዬ፣ አህያ እኮ ቀደመችን!»

«ትቅደም። ቸኩላ ይሆናል።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀብን። ሜዳው ላይ ስንደርስ አይሱዙው ጥግ ያዘ። ልጁ ሊጣላ ዘሎ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሹፌሩ ግን እሱን አልፎ መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

«የክርስትና እናቴ፣ ማለዳ በስልክ እንዳዘዙኝ አንዴም አላሳለፍኩትም» አለ። «ሲመለስስ በስንት ሰዓት ልጠብቀው?»