ከባሕር ዛፉ በኩል ሰባተኛዋ

ወዚር ማጭዱን ይዞ ቀይ ጨርቅ ወደታሰረበት መደብ ሲጠጋ በእርሻ ምርምር ጣቢያው ሠርተው ያረጁት አዴ ሽቶ ከአጃው መካከል አልወጣም አሉ።

«ይውጡ እንጂ አዴ! እግርዎን ከአጃው ጋር ባጭደው ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እጨደው! ሠላሳ ዓመት የሲናናን ጭቃ የረገጠ እግር ነው፤ ማጭድህ ይታጠፋል።»

ወዚር ሳቀና ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቀለ። የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ወልደአማኑኤል ግን አልሳቁም። ሃያ የአጃ ዝርያዎች በሦስት ማሳ ተዘርተው፣ ዛላ ሲያወጡ ሆን ተብሎ ሻጋታ ተረጭቶባቸው ነበር። ዛሬ የምርጫው ቀን ነው። በሽታውን የተቋቋሙት አምስቱ፣ ሻጋታው በፍሬያቸው ውስጥ መርዝ ትቶ እንደሆነ እንዲታይ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳሉ። የቀሩት ዘራቸው ከጤነኛው እንዳይደባለቅ ዛሬውኑ ይታጨዳሉ። ለመታጨድ ቀይ ጨርቅ ከታሰረባቸው የመጀመሪያዋ ይህች ነበረች።

«አዴ ሽቶ» አሉ ዶክተሩ በትዕግሥት፤ «እዚህ ንጹሕ ናት፣ አልካድኩም። ታች ወንዙ ዳር ግን ወድቃለች። እርጥበቱ ያለው እዚያ ነው፤ የዝርያ ጉልበት የሚለየውም እዚያው ነው። ወረቀቱ የሕመሟን ልክ ከዘጠኝ ስምንት ይላል።»

ወረቀቱን የጻፈችው ጂቱ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ከተቀጠረች አራት ወሯ ነው። በአራት ወር ውስጥ ለዶክተሩ የተናገረችው ሁሉ ቢሰበሰብ ከ«አዎ» እና ከ«እሺ» አያልፍም።

«ወረቀቱ ይበል» አሉ አዴ ሽቶ። «እኔ ጠዋት ወርጄ አይቻታለሁ። ልክ እንደዚህች ንጹሕ ናት።»

«እንዴት ለዩዋት? በየማሳው ቦታቸው የተለያየ ነው፤ የችካሎቹንም ጽሑፍ ዝናቡ አጥቦታል።»

«ቢታጠብስ ለአዴ ምን ሊጎድልባቸው?» አለ ወዚር። «ድሮስ ፊደል አልቆጠሩ!»

«አንተ ቆጥረህ ምን አተረፍክ? ማጭድ ነው የያዝከው።»

ዶክተሩ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። አዴ ሽቶ ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል በሁለት ጣታቸው መካከል አሳለፉ። «ይቺ ቅጠሏ የጥጃ ምላስ ነው፤ እጅ ይልሳል። ከሃያዎቹ ሌላ እንዲህ ያለች የለችም። ደግሞስ የዘራኋት እኔ አይደለሁ? ላይኛውን ማሳ ከመንገዱ ጀምረን ባሕር ዛፉ ጋ ጨረስን፤ ታችኛውን ከባሕር ዛፉ ጀምረን ወደ መንገዱ ተመለስን። በሬ ትልሙን ጨርሶ ባዶውን ይመለሳል እንዴ?»

ጂቱ ወረቀቷ ላይ አፈጠጠች።

እሷ ሁሉንም የቆጠረችው ከመንገዱ ጀምራ ነው። በአዘራር ዝርዝሩ ታችኛው ማሳ ላይ ይህች ዝርያ ሰባተኛ ናት፤ ከመንገዱ በኩል ሰባተኛ ሆና ያገኘቻት አጃ ዛላዋ ነጥቶ፣ በሮዝ ሻጋታ ተለብዶ ነበር። ስምንት ብላ ጻፈች። የጻፈችው ግን የሌላ አጃ በሽታ ነው። ሰባተኛዋ ብቻም አይደለችም፤ የማሳው ሃያ ቁጥር በሙሉ ተገልብጧል።

ቀና ብላ አየች። ማንም አልነቃባትም። ዶክተሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

አዴ ሽቶ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አምና ለአራሷ ልጄ አጥሚት ሠራሁላት። አጃው ሻግቶ ነበር፤ አጥቤ አጥቤ አነጣሁት። ዓይኔ ንጹሕ ነው አለኝ። ልጄን ሦስት ቀን አስመለሳት። ስለዚህ መርዙን አያለሁ አልልም ዶክተር፤ እሱን የእናንተ መሣሪያ ያየዋል። መሣሪያው ጋ ሳትደርስ ግን አትጨዷት ነው የምለው።»

«አዴ፣ ለአንዷ ብዬ ሕጉን ባፈርስ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል። ወዚር፣ ቀጥል።»

አዴ ሽቶ ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። አንድም ዛላ እንዳይረግጡ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን እየመረጡ ወጡ። ሊታጨድ ነው ለተባለ አጃ! ጂቱ ያንን አረማመድ አየች። ወዚር ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ጭብጥ ያዘ።

«ተው!»

ሁሉም ዞሩ። ወዚር ጭብጡን እንደያዘ ቀረ። ድምፁ የእሷ መሆኑን ጂቱ ራሷ ያወቀችው ሁሉም ሲያዩዋት ነው።

«ከመንገዱ ነው የቆጠርኩት» አለች። «ታችኛውን ማሳ። አዴ ሽቶ ልክ ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሃያውንም?»

«ሃያውንም።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው የዝርያዋን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ቁጣቸውን ስትጠብቅ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሁለት፣ ስምንት፣ ሁለት» አሉ ለራሳቸው፣ የሦስቱን ማሳ ውጤት እያነበቡ። «ይህን እያየሁ በወንዙ አመካኘሁ። ወርጄ ማየት ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሩ። «አዴ ሽቶ፣ እስቲ ይምሩን።»

ወረዱ። አዴ ሽቶ ከባሕር ዛፉ በኩል ገብተው፣ መዳፋቸውን በቅጠሉ ላይ እያንሳፈፉ፣ እየወረዱ የጀመሩትን የወዚርን ሰርግ ወሬ እንኳ ሳያቋርጡ ሄዱ። አልቆጠሩም። አንድ መደብ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቀድሟቸው ቆመ። ከኋላ በልቧ ስትቆጥር የመጣችው ጂቱም ሰባት ላይ ደርሳ ነበር።

ዛላዎቹ ብጫ፣ ንጹሕ፣ ከእርጥበቱ መሐል ቀጥ ብለው ቆመዋል። እዚህም እዚያም አንዳንድ የነጣ ፍሬ ብቻ ይታያል።

«ጻፊ እንጂ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ አዴ ሽቶ፣ ልጃቸውን እንደሚጠሩ ሁሉ። «ስንት ነው የምትዪው አንቺ?»

«ሁለት።»

«ሁለት በያት» ብለው ወደሚቀጥለው መደብ አለፉ፤ ዶክተሩም ተከተሉ።

ጂቱ ጻፈች። እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች፣ የሚያያት እንደሌለ አረጋገጠች፣ ከዚያም ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ አጃው ዘረጋች። ቅጠሉ መዳፏን ላሰው።